የጋሽ ሞገስ ጭልፋ

ሰሞኑን ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ወዳለችው ዘንዘልማ ሄጄ ነበር። ልጄ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ቤት እያሠራ ነውና መሠረቱን ልይለት ብዬ ነው። ከባጃጅ ወርጄ አሥር እርምጃ ሳልራመድ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ሌላ ሰው ቢሆን ከረሜላ የሚሠራ ጎረቤት ይፈልግ ነበር። እኔ ግን አልተሳሳትሁም። ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ጥቁር ሞላሰስ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ፣ ቅርጽ ከወጣለት በኋላ የጋለ ብረት ሲነካው የሚሰጠው ሽታ ነው። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ባለበት ሠፈር ሁሉ ይህ ሽታ አለ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሸትቶኝ አያውቅም። የልጄን መሠረት ትቼ ሽታውን ተከተልሁ።

በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። በሩ ላይ እንደ ቆምሁ አንድ ጎልማሳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትክ ብሎ አየኝና፣ «መምህር! ወይኔ መምህር!» ብሎ ጓንቱን ጥሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ደረጀ ነው፤ የድሮ ተማሪዬ። ግቢው የእሱ ነው። ከሠራተኞቹ ጋር አስተዋወቀኝ፤ አንደኛዋ ትዕግሥት የምትባል፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ አሸዋ የምትጠቀጥቅ ወጣት ናት። ደረጀ እኔን ማስደሰት ፈለገና ግድግዳው ላይ በሰንሰለት የታሰረ፣ ውስጡ ሸክላ የተለሰነ፣ ግራና ቀኝ ረጅም እጀታ ያለው የብረት ባልዲ አሳየኝ። እኛ ጭልፋ የምንለው ነው፤ የቀለጠውን ብረት ከምድጃው ተቀብሎ ወደ ቅርጹ የሚያፈስ።

«ትዕግሥት፣ ይሄን ለምን እንደማስረው ነግሬሻለሁ አይደል?»

«መቶ ጊዜ ነግረኸኛል» አለች ቀና ሳትል።

«እንግዲህ እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በደርግ ጊዜ አንድ ያልተማረ ሽማግሌ አቅላጭ በብረት ጭልፋ አረር አቀለጠበት። ከዚያ በዚያው ጭልፋ የወፍጮ ፑሌጃ አፍስሶ፣ ፑሌጃው ፈንድቶ ሰው ሊገድል! አይደል መምህር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። በርጩማ ቀረበልኝ፤ ሻይ ይምጣ ተባለ። ሻዩ እስኪመጣ ድረስ ግን እኔ እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበርሁም።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በብስክሌት ሩብ ሰዓት አትፈጅም ነበር። ብስክሌት የሌለው የመንግሥት ሠራተኛ ይታዘንለት ነበር። የኔዋ አረንጓዴ ነበረች፤ ከአንድ ወደ አሥመራ ከተዛወረ የሒሳብ መምህር የገዛኋት፣ ደወሏ የማይሠራ፣ ሰው መንገድ እንዲለቅልኝ በአፌ የማፏጭላት። ጠዋት ጠዋት ዘንባባዎቹ ሥር ስንነዳ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ መዝሙር ይለቅብን ነበር፤ መዝሙሩ ሲያበቃ ደግሞ የማዕዘኑ ሻይ ቤት ባለቤት ቴፑን ከፍቶ ክራር ያሰማናል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው። ከሐይቁ ዳር በዘይት የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ከዳቦ ጋር በሰባ አምስት ሳንቲም ይበላል፤ አጥንቱ ለድመት፣ ዘይቱ ለጣት። ሹም የሆነም ያልሆነም ካኪ ኮት ይለብሳል። እኔ ግን ቴትሮን ሱሪዬን ፍራሽ ሥር አንጥፌ እየተኛሁበት፣ እንደ ቢላ የተሳለ መስመር አውጥቼለት ነበር ወደ ክፍል የምገባ። በኪሴ ትንሽ ደብተር አለች። በደብተሯ ውስጥ ሁሉ ነገር ቁጥር አለው፤ የዛሬ ሥራ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ደብዳቤ ለእናቴ ስጽፍ እንኳ ሰላምታዬን በተራ ቁጥር እጽፍ ነበር ብለው እህቶቼ እስከ ዛሬ ይሥቁብኛል።

ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ተማሪዎቼን ይዤ ሐይቁ ዳር ወደነበረው አንድ የብረታ ብረት አምራቾች ማኅበር እሄዳለሁ። የኋላ አጥሩ ታንኳ በሚሠሩበት የሐይቅ ቄጠማ፣ በደንገል ውስጥ የገባ ነው፤ ምድጃው ሲነድ የደንገሉ ወፎች ተነሥተው ይበሩ ነበር። የምድጃው አዛዥ ጋሽ ሞገስ ይባላሉ። ሙያውን ድሬዳዋ ተምረው፣ ከነቤተሰባቸው በሥራ ምክንያት ባሕር ዳር የገቡ ሰው ናቸው። ክረምት ከበጋ የሚለብሱት ወፍራም የሱፍ ካፖርት ነበራቸው፤ የብረት ፍንጣሪ እየበሳው ወንፊት መስሏል። «ይህ ካፖርት ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቀዳዳውን ቁጠርና ለሁለት አካፍል። አንተ መቁጠር ትወዳለህ» አሉኝ።

ማስረዳት እወዳለሁና ይህን ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። ጊዛ ማለት በቅርጽ የሚፈስ ብረት ነው፤ የወፍጮውን ቺንጋ የሚያዞረው ክብ ፑሌጃ፣ የልብስ ስፌት መኪና እግር፣ የጉድጓድ ክዳን ሁሉ ጊዛ ነው። ውስጡ ብዙ ካርቦን አለበት። ብረቱ ፈሳሽ ሳለ ካርቦኑ እንደ ሻይ ስኳር ሟሙቶ ይኖራል፤ ሲረጋ ግን ቦታ ያጣል፤ መውጣት አለበት። አወጣጡ ነው ነገሩን ሁሉ የሚወስን። ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ከወጣ ጊዛው ነጭ፣ ደረቅ፣ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ለብቻው ግራፋይት ሆኖ፣ ማለትም ጣት የሚያጠቁር ለስላሳ ቅጠል ሆኖ በብረቱ ውስጥ ከተበተነ ግን ስብራቱ አመድማ፣ ለመሞረድ የሚመች፣ ንዝረት የሚችል ይሆናል። ቅጠሉ እንዲበቅል ደግሞ ዘር ይፈልጋል። ዘሩ ፌሮሲሊከን የሚባል ብናኝ ነው፤ ለመቶ ኪሎ ብረት አንዲት ጭብጥ ትበቃዋለች፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ጭልፋው ውስጥ።

ጋሽ ሞገስ ብናኙን «ቅመም» ነበር የሚሉት። በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልለው በካፖርታቸው ኪስ ይይዙታል። ብረቱ ከምድጃው ወደ ጭልፋው ሲንዠቀዠቅ ይጥሉበትና ወዲያው አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራሉ፤ ለጸሎትም ለሰዓትም። ቅመም ቶሎ ይሞታል ይላሉ። አሥር ጊዜ ደግመው ሳይጨርሱ ጭልፋው ባዶ መሆን አለበት፤ አሥረኛው ላይ የተረፈ ካለ፣ የቱንም ያህል ቢያሳሳ፣ «ቅመሟ ሞተች! ድፉት!» ብለው አሸዋ ላይ ያስደፉታል። እኔ በሰዓቴ ለካሁት። መጽሐፌን አየሁ። የብናኙ ኃይል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እየደከመ እንደሚሄድ መጽሐፌም ይላል። ይህን ስነግራቸው፣ «ጎሽ፣ መጽሐፍህ ጥሩ ሰው ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምናገረውን ማመን ጀመሩ። ጥፋቴም የመጣው በዚሁ በኩል ነው።

ሰይድ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ወዳጅ ነበራቸው፤ ከሐይቁ ዳር ሙስሊሞች ሠፈር፣ አባቱ ጀልባ ሠሪ የሆነ፣ ቀልደኛ ጎልማሳ። ለዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር አዲስ የናይሎን መረብ ተሰጥቷቸው ነበር። መረቡ መጣ እንጂ ከታች ወደ ውሃው የሚጎትተው ክብደት አልመጣም። ድንጋይ ቢያስሩበት ድንጋዩ ክሩን እየፈገፈገ ቀደደው። ስለዚህ ሰይድ ካረጁ የመኪና ባትሪዎች ሆድ ውስጥ አረር ሰበሰበ፤ ጥይት የሚፈስበትን፣ መጽሐፍ ላይ እርሳስ የሚባለውን ያን ለስላሳ ከባድ ማዕድን ማለቴ ነው። አንድ ቀን ማዳበሪያ ሙሉ አረር ተሸክሞ፣ በሌላው እጁ ቀረሶ አንጠልጥሎ መጣ።

«ሰይድ፣ ዓሣ ይዘህ ካልመጣህ ነገር ይዘህ ነው የምትመጣ» አሉት ጋሽ ሞገስ።

«ዛሬ ወላሂ ሁለቱንም ይዣለሁ። ጭልፋዋን ለግማሽ ቀን ብቻ ይስጡኝ፤ አረሬን ላቅልጥባት።»

«የብረት ጭልፋ ብረት ብቻ ነው የምትቀምስ። ድሬዳዋ ጌታዬ እንዲህ ብሎ ነው ያስተማረኝ።»

«ለምን?» አልሁ እኔ ጣልቃ ገብቼ።

«ለምን እንደሆነማ አልነገረኝም። በጥፊ ነው ያስተማረኝ።»

ተማሪዎቼ ሣቁ። እኔ ጠመኔዬን አወጣሁና የምድጃው ቤት በር ላይ መጻፍ ጀመርሁ። «አንደኛ፣ አረርና ብረት አይዋሐዱም፤ እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው። ሁለተኛ፣ አረር ከባድ ነው፤ ጭልፋው ሲገለበጥ ሁሉም ይወጣል። ሦስተኛ፣ ሸክላው ላይ የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ከሺህ አንድ ትንሽ ናት፤ ምንም አታደርግም።»

«አራተኛስ?» አለ ሰይድ።

«አራተኛ፣ ዓሣው ሳይበላሽ እንጥበሰው።»

ጋሽ ሞገስ ግን አልሣቁም። ጽሑፉን ቆመው ሲያዩ ቆዩ። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል?» አሉኝ።

«ይላል» አልሁ።

አይልም ነበር። አረርና ብረት አይዋሐዱም፣ ይህን ብቻ ነው የሚለው። ቀሪውን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ቁጥር ስለሞላልኝ፣ ተማሪዎቼም ስላዩኝ። ጋሽ ሞገስ «እንግዲህ መምህር ካለ» ብለው ጭልፋዋን በካፖርታቸው እጅጌ ጠርገው ለሰይድ ሰጡት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ በአውራ ጣታችን ጉድጓድ እየሠራን፣ የተምር ፍሬ የሚያህል አረር በመቶ የሚቆጠር አፈሰስን። ሰይድ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ እየዘፈነ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጭልፋው ተፍቆ፣ የተሰነጠቀው ሸክላ በአዲስ ሸክላ ተመርጎ፣ ለእንፍራንዝ ገበሬዎች ማኅበር ወፍጮ የታዘዘ ትልቅ ፑሌጃ ፈሰሰ። ጋሽ ሞገስ እንደ ልማዳቸው አስቀድመው ከምድጃው አፍ በትንሽ ማንኪያ ቀድተው የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ናሙና አፍስሰዋል። ናሙናውን ውሃ ውስጥ ነክረው በመዶሻ ሰበሩትና ስብራቱን አሳዩኝ፤ ጫፉ ላይ ብቻ ነጣ ያለ፣ ሌላው የርግብ አንገት የመሰለ አመድማ። «ይህን የመሰለ ብረት ከዓመት አንዴ ነው የሚገኝ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። የምድጃው ብረት ንጹሕ ነው። ናሙናው ያልነካው ጭልፋውን ነው።

ፑሌጃው እንፍራንዝ ደርሶ ሁለት ሳምንት ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ወረፋ ላይ ቆመው ሳለ፣ እየዞረ ፈነዳ። አንደኛው ስባሪ ጣራውን በስቶ ወጣ። ሁለተኛው የወፍጮውን ሠራተኛ ቀኝ ክንድ ሰበረው። ሰውዬው አልሞተም፤ ግን በዚያ ክንዱ ከዚያ ወዲያ ቁና አላነሣም ብለውኛል።

በዚያ ዘመን ነገር በራሱ አይሰበርም ነበር፤ ሰባሪ ይፈለግለት ነበር። ቃሉ አሻጥር ነው። አሻጥር ከተባለ ሰው ከቤቱ ተጠርቶ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ አይጠየቅም። የብረታ ብረት ማኅበሩ ሊቀመንበር ስባሪውን በጆንያ አስመጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና፣ «ጓድ መምህር፣ በሳምንት ውስጥ ምክንያቱን ለስብሰባ ታቀርባለህ። የምድጃው ኃላፊ ሆን ብሎ አድርጎት ከሆነም አትደብቅ» አለኝ።

ስባሪውን ቆርጬ፣ አለስልሼ፣ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አየሁት። ቅጠል አልነበረም። ግራፋይቱ እንደ ግራር ቅርንጫፍ ሆኖ፣ ከጎንና ጎኑ እሾህ አብቅሏል። እያንዳንዱ እሾህ በብረቱ ውስጥ እንደ ተተከለ ስንጥቅ ነው። መጽሐፌን ገለጥሁ፤ ከገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ እስከዚያ ቀን ያላነበብሁት መስመር ላይ ተጽፏል። አረር ነው። ከመቶ ሺህ አምስት እጅ ብቻ ትበቃዋለች ይላል። ፑሌጃው ሲፈስ ጭልፋው የያዘውን ብረት አሰብሁና በደብተሬ አሰላሁት። ሰይድ ካፈሰሳቸው የመረብ ክብደቶች ከአንዲቱ ያንስ ነበር።

ጋሽ ሞገስን ያገኘኋቸው ጭልፋውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሸክላ ሲለስኑ ነው። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«እሾህ ነው ያልኸው?»

«እሾህ።»

«እንግዲህ የድሬዳዋው ጌታዬ ለምን በጥፊ እንዳለኝ ዛሬ ገባኝ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

«ጋሽ ሞገስ፣ እርስዎ እንቢ ብለው ነበር። የፈቀድሁ እኔ ነኝ ብዬ እናገራለሁ።»

ጭልፋውን አስቀመጡት። «ስማኝ፤ የተማረ ሰው ሲያጠፋ አሻጥር ይሉታል። ያልተማረ ሲያጠፋ አለማወቅ ይሉታል። እኔ አላወቅሁም ብል ያምኑኛል። አንተ፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ታቅፈህ፣ አላወቅሁም ብትል ማን ያምንሃል?»

ጭልፋውን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እሾሁን አንተ አሳያቸው። ጭልፋዋን ለኔ ተዋት።»

እውነቱን ለመናገር ብዙ አልተከራከርሁም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ በኔ ደመወዝ ትኖር ነበር። እነዚህ ሁለቱ ምክንያት ናቸው። ሦስተኛው ፍርሃት ነው።

በስብሰባው ቀን ቅጠሉንና እሾሁን ሰሌዳ ላይ ሣልሁ። ሆን ብሎ ብረት ማበላሸት የፈለገ ሰው ይህን ያህል ረቂቅ ነገር ሊያስብ እንደማይችል፣ ድንገት ከጭልፋው የገባ አረር መሆኑን አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ ነበር ያስረዳሁ። ሊቀመንበሩ ራሱ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አረሩን ጭልፋው ውስጥ ያስገባ ማን ነው?» አለ።

ጋሽ ሞገስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «እኔ ነኝ ጓድ። መሃይም ነኝ፤ አላወቅሁም።»

ዳዊት ሳይደግሙ ሥራ የማይጀምሩ ሰው ናቸው መሃይም ነኝ ያሉት። በሩ አጠገብ የቆመው ሰይድ አፉን ሲከፍት አየሁ፤ ጋሽ ሞገስ በዓይናቸው መለሱት። እኔን ግን አላዩኝም። እኔም ቀና አላልሁም፤ ጣቴ ላይ የቀረውን ጠመኔ እጠርግ ነበር።

አሻጥር አይደለም፣ ቸልተኝነት ነው ተባለ። ከምድጃው ተነሥተው የግቢው ዘበኛ ሆኑ። ያው ካፖርት ነበር፤ በመዶሻው ፋንታ ዱላ ያዙ። ብረት በሚፈስበት ቀን ፊታቸውን ወደ መንገዱ፣ ጀርባቸውን ወደ ምድጃው አድርገው ይቆማሉ፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ አቅላጮቹ ሲዘገዩ ከበሩ ላይ ሆነው ሳይዞሩ «ሞተች! ድፉት!» ይላሉ፤ ይደፉታልም። ሰይድ በየሳምንቱ ዓሣ ያመጣላቸው ነበር። እኔንም እንደ ወትሮው መምህር እያሉ ይጠሩኛል። አንድ ቀን ብቻ ብስክሌቴን ይዘው አስቆሙኝና፣ «ልጆቹን ስታስተምር የጭልፋዋን ነገር እንዳትረሳ። ሌላ ክንድ እንዳይሰበር» አሉኝ።

አልረሳሁም። በየዓመቱ አስተማርሁት። የመጀመሪያ ጊዜ ሳስተምር፣ ያው ሥርዓት ገና ነበርና፣ «አንድ ያልተማረ ሽማግሌ አቅላጭ» ብዬ ጀመርሁ። ፈርቼ ነው። ኋላ ዘመኑ ተለወጠ፤ የምፈራውም ሰው አልቀረም። ጋሽ ሞገስም አረፉ፤ ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርሁ። ታሪኩን ግን እንደ ነበረ ተውሁት። ተማሪዎቹ «ያልተማረ ሽማግሌ» ስል ይሥቁ ነበር፤ ሲሥቁ ደግሞ ትምህርቱ ይገባቸዋል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ከነሣቃቸው ይዘውት ወጡ። ስንት ወርክሾፕና ስንት ጋራዥ እንደ ደረሰ እንጃ።

«መምህር፣ ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ» አለኝ ደረጀ።

ብርጭቆውን መሬት ላይ አኖርሁት። «ደረጀ፣ ያ ያስተማርሁህ ታሪክ ስሕተት አለበት» አልሁ። «ሽማግሌው አረር በጭልፋዬ አይገባም ብለው ነበር። ከጌታቸው የተማሩትን ያውቁ ነበር። ያስፈቀደው አንድ መምህር ነው፤ በጠመኔ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ። ስብሰባ ላይም ዝም ብሎ አስፈረደባቸው። መምህሩ እኔ ነኝ።»

ደረጀ ጭልፋውን አየ፤ እኔን አየ። «መምህር፣ እኔ እኮ ለስንቱ ሰው እንዲያ ብዬ አውርቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ለዚያ ሁሉ ሰው ያወራኸውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

ምድጃው ብቻ ይነፋል። ትዕግሥት አሸዋውን ከመዳፏ አራገፈች። «ስማቸው ማን ነበር?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ካስተማርኋቸው ተማሪዎች አንድም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ካልሁ በኋላ ስም የሚገባበት ቦታ አልተውሁላቸውምና።

«ሞገስ» አልሁ። «ጋሽ ሞገስ።»

ብረቱ ደረሰ። ደረጀ ሰንሰለቱን ፈታና ጭልፋውን ካጋሉት በኋላ ከትዕግሥት ጋር ግራና ቀኝ ያዙት። ብረቱ ሲወርድ ሌላው ሠራተኛ ብናኙን ከፌስታል ጣለበት። ያው ሠራተኛ በስልኩ ሰዓት መያዝ ጀመረ፤ እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ አቡነ ዘበሰማያት አልሁ። አራት ቅርጽ ሞሉ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ጭልፋው ሥር የተረፈች ነበረች፤ አምስተኛው ቅርጽ አጠገባቸው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«ሞተች፤ ድፉት» አልሁ።

ደረጀ ዞሮ አየኝ። «ትንሽ ናት እኮ መምህር። ምንም አታደርግም።»

«እኔም ያን ቀን እንዲሁ ነበር ያልሁ።»

ትዕግሥት እጀታውን ወደ አሸዋው አዘነበለችው።